መራራቅ ፍቅርን ያበረታልን?



በዚህ ወር ዓምዳችን የምንመለከተው «አብሰንስ ሜክስ ዘ ሀርት ግሮው ፎንደር» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «የአንዱ አለመኖር የሌላውን ልብ ይበልጥ ወዳድ ያደርገዋል» ሲሆን፣ በአጭሩ «መራራቅ ፍቅርን ያበረታል» እንደ ማለት ነው።

ይህን አባባል በክፍል ውስጥ ስናስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። እናቷ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ከሄደች አምስት ዓመት ሆኗታል። «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» አለችን። እኛም ስለ ቃላቱ የጠየቀችን መስሎን «ፎንድ» የሚለው ቃል ጥንት «ሞኝ» ማለት እንደነበረና እያደር «ወዳድ» ወደሚለው ትርጉም እንደተሻገረ አስረዳናት። እኛስ «በፍቅር አበደ» እንል የለ? ልጅቷ ግን የጠየቀችው ይህን አልነበረም። ዝም ብላ ተቀመጠች።

የአባባሉ አመጣጥ ለጥያቄዋ የተሻለ መልስ ይሰጣል። ተመሳሳይ ሐሳብ ከልደት በፊት በ1ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ሮማዊው ባለ ቅኔ ፕሮፐርቲየስ በላቲን ጽፎታል። በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ1602 ፍራንሲስ ዴቪሰን ባሳተመው የግጥም መድበል ውስጥ፣ ደራሲው ባልታወቀ ግጥም ላይ ይገኛል። በሕዝብ አፍ የገባው ግን በባዝ ከተማ የተወለደው ቶማስ ሄይንስ ቤይሊ (1797–1839) በአንድ የዘፈን ግጥሙ ውስጥ ካስገባው በኋላ ነው። ግጥሙ በጀልባ ሆኖ የሚወዳትን ደሴት የሚሰናበት ሰው ቃል ነው። እንግዲህ ተናጋሪው ገና መሄዱ ነው፤ ዓመታት ተለይቶ የኖረ ሰው አይደለም።

እዚያው እንግሊዞች ዘንድ «አውት ኦፍ ሳይት፣ አውት ኦፍ ማይንድ» የሚል ተቃራኒ አባባል አለ። የእኛው «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ቁርጥ እርሱን ነው። ታዲያ የቱ ነው እውነቱ?

በዐረብኛ «ዙር ጊበን ተዝደድ ሁበን» ይባላል፤ «አልፎ አልፎ ዘይር፣ መዋደድ ይጨምራል» ማለት ነው። ልብ እንበል፤ አባባሉ የሚጀምረው «ዘይር» ብሎ በማዘዝ ነው። በሁለት ዚያራ መካከል ያለው ጊዜ ናፍቆትን ያሳድጋል። ዚያራው ጨርሶ ከቀረ ግን ናፍቆቱ ወደ መርሳት፣ አንዳንዴም ወደ ቅያሜ ይለወጣል።

በማግስቱ ለተማሪያችን ይህንኑ ነገርናት። እርሷም እናቷ ስትደውል ትልልቆቹ ስለ ገንዘቡ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ ስልኩ እርሷ ዘንድ ሲደርስ ሒሳቡ እንደሚያልቅ አጫወተችን።

መምጣት ለማይችል ሰው ድምፁ ዚያራው ነው። ስለዚህ ዘመድ ውጭ አገር ያላችሁ ቤተሰቦች ሆይ! ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ ለልጁ ስጡት፤ የገንዘቡ ጉዳይ ከዚያ ይደርሳል። በሩቅ ያላችሁ እናቶችና አባቶችም ልጃችሁን «ምን ልላክልህ?» ከማለታችሁ በፊት ዛሬ ምን እንደተማረ ጠይቁት።

በሚቀጥለው ወር በሌላ አባባል እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።