ዲኤክስ ስታምር ጎማዋን ማን አየ?

በከተማችን በጎንደር ከፒያሳ እስከ አራዳ፣ ከማራኪ እስከ አዘዞ፣ ወጣት ሁሉ አንገቱን አዙሮ የሚመለከታት አንዲት ኦቶሞቢል አለች። ስሟ ቶዮታ ኮሮላ ሲሆን ሕዝቡ ዲኤክስ እያለ ይጠራታል። በጃፓን አገር የተሠራችው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1979 እስከ 1983 ባሉት ዓመታት ነው፤ እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እኔ ከመወለዴ ከ20 ዓመት በላይ አስቀድማ መንገድ ላይ ነበረች ማለት ነው። ይሁን እንጂ እንደ አሮጊት የሚቈጥራት የለም። ቀለሟ ታድሶ፣ ወገቧ ዝቅ ብሎ፣ ቸርኬዋ አብረቅርቆ፣ ማርሚታዋ እያጓራ በጥር ወር የሙሽራ አጀብ ስትመራ ያየ ሰው የስፖርት መኪና ናት ቢል አይፈረድበትም።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፣ ይህችን መኪና ለመንቀፍ የተነሣሁ አይምሰላችሁ። አጎቴ አንዲት ዲኤክስ አለችው፤ ጠዋት ጠዋት እኔንና ሁለት የጎረቤት ልጆችን ትምህርት ቤት ካደረሰን በኋላ ቀኑን ሙሉ በኮንትራት ይሠራባታል። የቤታችን ቀለብ ከእርሷ ነው የሚወጣው። እወዳታለሁ። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ለመኪና ጌጥ የሚወጣው ገንዘብና ለመኪና ጤና የሚወጣው ገንዘብ በከተማችን ፈጽሞ አለመመጣጠኑ ነው። ለቴፕ ማጫወቻና ለመብራት ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ ወጣት፣ ጎማው እንደ ምጣድ ልሞ ሳለ «ገና ይሄዳል» ሲል እሰማለሁ።

ነገሩ ለምን አሁን አሳሰበህ የሚለኝ ቢኖር መልሴ ይህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። የኤሌክትሪክ መኪና ይምጣ፣ መልካም ነው፤ (እርሱም በባትሪው ክብደት የተነሣ ጎማ ቶሎ እንደሚበላ ይነገራል።) ነገር ግን የአጎቴን ዓይነት ሰው ነገ የኤሌክትሪክ መኪና አይገዛም። ስለዚህ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚሳፈሩት በእነዚሁ ነው።

አንድ የሰፈራችን ወጣት ባለፈው ክረምት የደረሰበትን ልንገራችሁ። መኪናዋ ከሰፈሩ ሁሉ ያማረች ነበረች። ሰፊ ጎማ አድርጎላታል፤ ጎማው ግን አሮጌ ተገዝቶ ጥርሱ ያለቀ ነበር። ዝናብ ባካፋ ማታ እናቱንና አክስቱን ከልቅሶ ሲመልስ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢይዝ መኪናዋ እንደ በረዶ ተንሸራተተች። የድንጋዩ ጠርዝ ባይዛት ኖሮ ገደል ነበር። አክስቱ ክንዳቸው ተሰብሮ ሁለት ወር ሙሉ እንጀራ መጋገር አልቻሉም። ሰው ሁሉ «ዝናቡ ነው» አለ። በኔ አስተያየት ዝናቡ ምንም አላጠፋም፤ ክረምት በጎንደር በየዓመቱ ይመጣል።

ምክንያቱን ለመረዳት ትልቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንድ ጎማ መሬት የሚነካው በሰው መዳፍ በሚያክል ስፍራ ብቻ ነው። እንግዲህ መኪናዋ፣ ሾፌሩና ተሳፋሪዎቹ ሁሉ በአራት መዳፍ ተይዘው ይሄዳሉ። በጎማው ላይ የተቀረጸው ቦይ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ ውሃውን ወደ ውጭ ጠርጎ ጎማው መንገዱን እንዲጨብጥ የሚያደርግ ነው። ቦዩ ሲያልቅ ውሃው መሄጃ ያጣል፤ ጎማውም በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በብዙ አገሮች ሕግ የቦዩ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ ጎማው መጣል አለበት። ለዚህ መለኪያ መግዛት አያሻም። የክብሪት እንጨት ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ እንጨቱን በቦዩ ውስጥ አጋድሞ ማየት ነው። እንጨቱ ከጎማው በላይ ብቅ ካለ ጎማው ዘመኑ አልቋል።

ይህን የክብሪት ዘዴ ያሳዩኝ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ናቸው። «ጋሼ፣ ይህ ጎማ ለምን በአንድ ወገን ብቻ አለቀ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የኔ ልጅ፣ ጎማ እኮ ይናገራል፤ የሚሰማው ጠፍቶ ነው» ብለው እንደ መጽሐፍ ያነቡልኝ ጀመር። ሁለቱ ዳርቻዎች አልቀው መካከሉ ከቀረ ነፋሱ አንሶት ኖሯል። መካከሉ አልቆ ዳርቻው ከቀረ ነፋሱ በዝቶበታል። የውስጡ ዳርቻ ብቻ ካለቀ የጎማዎቹ አቀማመጥ ተዛብቷልና አላይመንት ይፈልጋል፤ ዲኤክስን ለውበት ብለው ዝቅ የሚያደርጓት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያገኛቸው ይህ ነው። እየዘለለ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ ካለቀ ደግሞ ጥፋቱ የአሞርዛተሩ እንጂ የጎማው አይደለም፤ አሞርዛተሩን ሳይለውጡ አዲስ ጎማ ማሰር ገንዘብን ወደ ቀሀ ወንዝ መጣል ነው። ዲኤክስ የምትገፋው በኋላ እግሯ ስለሆነ፣ ሲነሡ ጎማ ማስጮኽ የሚወድ ሾፌር የኋላዎቹን ቶሎ ይጨርሳል። በ10,000 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ያህል የፊቱን ከኋላ ማቀያየር አራቱም እኩል እንዲያረጁ ያደርጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ይዞ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲለቅ፣ የፒያሳን ሕንጻዎችና የሊማሊሞን መንገድ ብቻ ሳይሆን ቃላቱንም ትቶልን ሄደ። ጥገና የሚለው ቃል ግን የራሳችን ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፤ አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ክዳን ከክረምት በፊት ይጠግኑ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የተረተው ሕዝብ የመኪና ጥገና ባዕድ ሥራ ሊሆንበት አይገባም ነበር።

ወደ ነፋሱ ነገር ልመለስ፤ ከሁሉ የሚረክሰውና ከሁሉ የሚረሳው እርሱ ነውና። በፊዚክስ ክፍል እንደተማርነው የነፋስ መለኪያው የሚያሳየን በጎማው ውስጥ ባለውና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ መተማ ግን በ700 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ መተማ ላይ የተነፋ ጎማ ጎንደር ሲደርስ፣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ፣ መለኪያው ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ከፍ ብሎ ማሳየት ይገባው ነበር። ነገር ግን ከመተማ ሙቀት ወደ ደጋ ሲወጣ ጎማው ይቀዘቅዛል፤ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜም ከ1 ፒ.ኤስ.አይ በላይ ይቀንሳል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ይህን በወረቀት አስልቼ ሳገኘው እንዴት ደስ እንዳለኝ ልገልጽላችሁ አልችልም፤ ክፍል ውስጥ ያጠናሁት ቀመር በአጎቴ መኪና ጎማ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ከዚሁ ጋር አንድ ክፉ ልማድ አለ። ብዙ ሾፌር መንገድ ሲሄድ ውሎ ጎማው ከጋለ በኋላ ይለካና «በዝቷል» ብሎ ያስተነፍሳል። የጋለ ጎማ ነፋሱ መጨመሩ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ያን ያስተነፈሰ ሰው ማግሥቱን ጠዋት በሟሸሸ ጎማ ይነሣል። የሟሸሸ ጎማ ሲሄድ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይግላል፤ ሲብስም ይፈነዳል። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ነው። መጠኑም በመኪናው በር አጠገብ ወይም በመጽሐፉ ላይ ተጽፏል።

ከፍታው ሞተሩንም ይነካዋል። አየሩ ሲሳሳ እንደ ዲኤክስ ያለ ካርቡራተር ያለው ሞተር በጎንደር ከፍታ ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ ቤንዚኑም ለአየሩ ይበዛበትና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ካንዴላ ማጽዳት፣ የአየር ማጣሪያ ማራገፍ፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት መለወጥ፣ እነዚህን አጎቴ ያውቃቸዋል፤ ብዙው ሾፌርም ያውቃቸዋል፤ አላስረዝምባቸውም።

ስለ ፍሬን ግን ጥቂት ልበል። ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መኪና በአንድ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ያን ሁሉ መንገድ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያቃጥለዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ በጋለ ጊዜ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት ደግሞ እግርን ወደ ባዶ ያሰምጣል። ስለዚህ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ ቁልቁለትም ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ይወረዳል። ማርሽ አውጥቶ፣ ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ በነፃ የሚወርድ ሾፌር አይቻለሁ። የሚቆጥበው ጥቂት ብር ነው፤ የሚያስይዘው ግን የሰው ነፍስ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እመጣለሁ። ወላጆች ይህን ሲያነቡ «ልጄ፣ የጎማን ዋጋ ታውቃለህን?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አውቃለሁ። በቤታችን የጎማ ዋጋ ሲነሣ ዝምታ እንደሚወርድም አውቃለሁ። ጎማ ውድ ስለሆነም ነው አሮጌ የሚገዛው፤ ያለቀውም በጋለ ብረት እየተቀረጸ አዲስ መስሎ የሚሸጠው። ለመቀረጽ ተብሎ ጎማው ወፍራም ሆኖ የተሠራ የከባድ መኪና ጎማ አለ፤ ያም በጎኑ ተጽፎበታል። የቤት መኪና ጎማ ግን ለዚያ የሚበቃ ሥጋ የለውም፤ መቅረጫው ሽቦው ድረስ ይደርሳል። አሮጌ ጎማ መግዛት ግድ ከሆነም ቢያንስ ዕድሜውን ማንበብ ይቻላል። በጎኑ ላይ «2319» የሚል አራት አኃዝ ቢገኝ በፈረንጆች 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ላስቲክ ሳይሄድም ያረጃል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ አይታመንም፤ አሥር ዓመት ከሞላው ይጣላል።

ለቦሎ ምርመራ ቀን ደኅና ጎማ ተውሶ አስሮ ማታውን የሚመልስ ሰው አለ ሲባልም ሰምቻለሁ። ይህን ሰው ድኻ ነው ብዬ አላዝንለትም። ለመርማሪው ያሳየውን ጎማ ለገዛ ልጆቹ ነፍጓቸዋልና።

ደግሞስ ነፋስ መለካት ስንት ያስከፍላል? የፊቱን ከኋላ ማቀያየርስ? ጎማ ውድ ነው የሚለው ክርክር ጎማን አስረዝሞ ለመጠቀም የሚያስገድድ እንጂ ላለመንከባከብ ምክንያት የሚሆን አይደለም። ነፋሱ ተለክቶ፣ አላይመንቱ ተስተካክሎ የሚሄድ ጎማ ዕድሜው ይረዝማል። እንግዲህ ድኻው ከሀብታሙ ይልቅ ጎማውን ሊያይ ይገባዋል።

እኛ ተማሪዎች መኪና የለንም፤ ተሳፋሪዎች ነን። ነገር ግን ተሳፋሪ ዐይን አለው። ታላቅን መጠየቅ በባህላችን ይከብዳል፤ «ጋሼ፣ ጎማዎ አልቋል» ማለት ድፍረት ይመስላል። እኔ አጎቴን ስናገረው መጀመሪያ ተቆጣ፤ «አንተ ደግሞ መካኒክ ሆንህ?» አለኝ። ክብሪቱን አውጥቼ በቦዩ ውስጥ ሳጋድመው ግን ጎንበስ ብሎ ረዥም ጊዜ አየና ዝም አለ። በሚያዝያ ሁለቱን ለወጠ፤ የቀሩትን ሁለቱን እቁብ ሲደርሰው እለውጣለሁ ብሏል።

የክፍላችን ተማሪዎች ተነጋግረን አንድ ነገር ለማድረግ አስበናል። ከመጪው መስከረም ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ጠዋት፣ ልጆቻቸውን በመኪናና በባጃጅ ለሚያደርሱ ወላጆችና ሾፌሮች፣ በትምህርት ቤታችን በር አጠገብ የጎማ ቦይና ነፋስ እንለካለን። መኪናው ጥቂት መንገድ ስለመጣ ጎማው ሞቅ ማለቱን በሂሳብ እናስገባለን። ምንም አናስከፍልም። ክብሪቱን ከየቤታችን እናመጣለን፤ የነፋስ መለኪያውን ደግሞ የፊዚክስ መምህራችን ሊያውሱን ቃል ገብተዋል።