ለክበባችን የሚገዛው የሩቅ መነጽር የትኛው ይሁን?

የትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ጥናት ክበብ አባሎች ከወላጆቻችን በተገኘ እርዳታና ከራሳችን የሻይ ገንዘብ በተቈጠበ መዋጮ የሩቅ መነጽር ለመግዛት ከቈረጥን ወራት አልፈዋል። ገንዘቡም ተሰብስቦ በመምህራችን እጅ ይገኛል። ዳሩ ግን መነጽሩ እስከ ዛሬ ያልተገዛበት ምክንያት የገንዘብ ማነስ ሳይሆን የአሳብ መለያየት ነው። ከፊሎቹ አባሎች በመርካቶ ባዩት ትንሽ መነጽር፣ በላዩም «30 በ60» ተብሎ በተጻፈበት ልባቸው ስለ ተማረከ፣ ባለን ገንዘብ ስድስቱን ገዝተን ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ይይ ይላሉ። የቀረነው ደግሞ በዚያው ገንዘብ ደኅና የሆነ አንድ መነጽር ይገዛ እንላለን። እኔ ከኋለኞቹ ወገን ስለ ሆንሁ አሳቤን በመጽሔታችን ላይ ለመግለጽ ፈለግሁ። ገንዘቡ የወላጆችም ስለ ሆነ፣ ወላጆቻችን ነገሩን አንብበው ቢፈርዱን ደስ ይለኛል።

ክበባችን መነጽር የፈለገው ለጌጥ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። ከኮልፌ ቀራንዮ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ የሄደ ሰው ለከተማችን የመጠጥ ውኃ የሚጠራቀምበትን ገፈርሳን ያገኛል። በዚያ ውኃ ዳርቻ ላይ ክንፈ ሰማያዊ የሆነ ዝይ ይሰማራል። ይህ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል በተፈጥሮው አይኖርም። ቆሞ ሲግጥ መልኩ ቡናማና ግራጫ ስለ ሆነ ከሩቅ ላየው ሰው ከድንጋይ አይለይም፤ ሰማያዊው ቀለም በደንብ የሚገለጠው ክንፉን ሲዘረጋ ነው። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች መጥተው በውኃው ላይ ያርፋሉ። ከእነርሱም መካከል ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋ አለ፤ ጅራቱ እንደ መርፌ የሾለም አለ። አንዱን ከሌላው ለመለየት ምንቃርና ጅራት እስከ ማየት መድረስ ያስፈልጋል። ክበባችን ያሰበው በየወሩ እየሄደ ቈጥሮ በመዝገብ ለመጻፍ ነው። እንግዲህ የምንገዛው ዕቃ ዝይን ከድንጋይ የማይለይ ከሆነ መዝገባችን የሐሰት መዝገብ ይሆናል።

የክርክሩ ሥር ያለው ቁጥሮቹ ላይ ነው። በማናቸውም የሩቅ መነጽር ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። ለምሳሌ «8 በ42» ቢል፣ ፊተኛው ቁጥር መነጽሩ ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ ይነግረናል፤ ይኸውም በ80 ሜትር ርቀት ላይ ያለች ወፍ በ10 ሜትር ላይ የቆመች ያህል ሆና ትታያለች ማለት ነው። ኋለኛው ቁጥር በፊት በኩል ያለው ትልቁ ሌንስ ከዳር እስከ ዳር ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ ያመለክታል።

ብዙ ሰው ግን የሚያየው ፊተኛውን ቁጥር ብቻ ነው። ከ8 ይልቅ 20 ይበልጣል፣ ከ20ም 30 ይበልጣልና 30 የተጻፈበት ከተገኘ 8ቱን ማን ይገዛል ይላል። ነገሩ የጤፍ ግዢ ቢሆን ኖሮ ይህ አነጋገር ትክክል ነበር። መነጽር ግን ወፏን ብቻ ለይቶ አያጐላም፤ የእጃችንንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጐላል። የሰው እጅ የቱንም ያህል ጽኑ ቢሆን፣ ልብ እስከ መታና ሳንባም እስከ ተነፈሰ ድረስ ጨርሶ አይረጋም። በ8 እጥፍ ይህ መንቀጥቀጥ ብዙ አያስቸግርም። ከ10 ካለፈ በኋላ ግን እያየለ ይሄድና 20 ሲደርስ ወፏ እንደ ሰከረ ሰው ስትወላወል ትታያለች እንጂ የላባዋ መልክ አይለይም። በእርግጥ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ቢታሰር ይረጋል። ነገር ግን ማቆሚያውም የሚገዛው በገንዘብ ነው፤ ወፏም ማቆሚያው እስኪተከል አትጠብቅም።

ከዚህም በላይ ማጉላቱ በበዛ ቁጥር የሚታየው ስፍራ እየጠበበ ይሄዳል። ደኅና የሆነ 8 በ42 መነጽር በ1000 ሜትር ርቀት ላይ 130 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ስፍራ በአንድ ጊዜ ሲያሳይ፣ የተለመደው 20 በ50 ግን ከ60 ሜትር አያልፍም። ለጀማሪ ይህ ብርቱ ችግር ነው። ከወጨጫ በኩል የሚመጣውን ጭላት በባዶ ዓይኑ ካየ በኋላ መነጽሩን ሲያነሣ ባዶ ሰማይ ብቻ ያገኛል፤ ወዲያና ወዲህ ሲፈልግም ጭላቱ የአጠና ተራን ጣሪያዎች አልፎ ይሄዳል።

ሦስተኛው ነገር የብርሃን ጉዳይ ነው፤ ይህንንም የፊዚክስ መምህራችን ቢያስረዱት ከእኔ ይልቅ ያምርላቸዋል። የትልቁን ሌንስ ስፋት በማጉያው ቁጥር ብናካፍለው፣ ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችን የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት እናገኛለን። 42 ለ8 ሲካፈል ከ5 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ 50 ለ20 ሲካፈል ግን 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። የዓይናችን ብሌን በቀትር ብርሃን ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይጠብባል፤ በጨለማ ደግሞ በወጣት ዓይን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ስለዚህ በቀትር ሁለቱም መነጽሮች ይበቃሉ፤ ንጋት ላይ፣ ማታም፣ በክረምትም ደመና ሥር ግን ያ ጠባቡ ክብ ጨለማ ያሳያል። ወፎች የሚነቁት በቀትር ነው ወይስ በንጋት? በኮልፌ ጠዋት ጠዋት ጣሪያ ላይ ጩኸታቸውን ሰምቶ የተነሣ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል።

አሁን ወደዚያ «30 በ60» ወደ ተባለው ልመለስ። 60 ሚሊ ሜትር ማለት 6 ሴንቲ ሜትር ነው። መላው መነጽር በአንድ መዳፍ ውስጥ እየተጨበጠ፣ እያንዳንዳቸው 6 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ሌንሶች የት ገብተው ይሆን? ባለ ሱቁን አስፈቅደን ማስመሪያ ብናሳርፍበት ሌንሱ ከ22 ሚሊ ሜትር አላለፈም። ፊተኛውንም ቁጥር መመርመር ይቻላል፦ መነጽሩን ወደ ብሩህ መስኮት አዙሮ፣ በዓይን ማያው በኩል ነጭ ወረቀት ይዞ፣ በወረቀቱ ላይ የምታርፈውን የብርሃን ክብ ለክቶ የሌንሱን ስፋት በዚያ ማካፈል ነው። ሌንሱ 22፣ ክቡ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 30 ተብሎ የተጻፈው መነጽር በእውነቱ ከ7 ጥቂት የሚበልጥ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል። ነጋዴውን አልወቅስም፤ እርሱም ቁጥሩን ተጽፎ ነው የተቀበለው።

ሌንሱ እንደ ቀይ መስታወት የሚያብለጨልጨውም ለዓይን ያማልላል። ጥሩ ሌንስ በስስ ሽፋን ይቀባል፤ የሽፋኑም ሥራ ብርሃን እንዳይመለስ መከላከል ነው። ቀዩ ግን ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ እየመለሰ የሚታየውን ሁሉ ወደ አረንጓዴና ወደ ሰማያዊ ይለውጠዋል። የወፍን ቀለም መዝግቡ የተባለ ክበብ ቀለም የሚለውጥ መነጽር ምን ያደርግለታል! ሊመረጥ የሚገባው ነጸብራቁ ደብዘዝ ያለና ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ የሆነው ነው። በአንድ ቁልፍ ከ8 እስከ 24 የሚያጐላ የሚባለውንም እንተወው፤ የሚያሳየው ስፍራ ጠባብ፣ ብርሃኑም ጥቂት ነው።

በመነጽሩ ሆድ ውስጥ ፕሪዝም የሚባሉ መስታወቶች አሉ፤ እነርሱ ባይኖሩ ዓለም ተገልብጣ በታየች ነበር። ይህን ዘዴ ኢግናሲዮ ፖሮ የተባለ ኢጣልያዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 አወጣ፤ በጀርመን አገር የሚገኘው የዛይስ ፋብሪካ ደግሞ በ1894 አሻሽሎ ለገበያ አቀረበው። በፖሮ ዘዴ የተሠራው መነጽር ትከሻው ሰፊ ነው፤ ሌላው ዓይነት ደግሞ ቀጥ ያሉ ሁለት ቱቦዎች ይመስላል። ቀጥ ያለው ለመሸከም ይመቻል። ዋጋው ዝቅ ባለ ጊዜ ግን ባለ ትከሻው አብዛኛውን ጊዜ የጠራ ምስል ይሰጣል፤ አሠራሩ ቀላል ነውና። የፕሪዝሙን ደኅንነት ለማወቅ መነጽሩን ክንድን ዘርግቶ ወደ ሰማይ እየያዙ የብርሃኑን ክብ ማየት ነው። ክቡ ሙሉ ከሆነ መልካም፤ ጠርዙ እንደ አራት ማዕዘን የተቈረጠ ከሆነ በርካሽ መስታወት ተሠርቷል።

ከሁሉ የሚከፋው የሁለቱ ቱቦዎች አለመስማማት ነው። አንዱ ቱቦ ጥቂት ወደ ጐን ካየ ዓይናችን በግድ ሲያስማማቸው ይደክማል፤ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ ራስ ያማል። ርካሾቹ አንድ ጊዜ ከወደቁ ይህ ያገኛቸዋል፤ አንዳንዶቹም ሳይወድቁ ከፋብሪካ እንዲሁ ይመጣሉ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሩቅ ያለ የስልክ እንጨት ለጥቂት ጊዜ ተመልክቶ፣ ሁለት ሆኖ መታየት አለመታየቱን ማረጋገጥ ነው። ከክበባችን አባሎች መካከል የዓይን መነጽር የሚያደርጉም ስላሉ፣ ዓይን ከማያው ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ርቆ ሙሉውን ክብ የሚያይበት ይመረጥ። ውኃ የማያስገባና ጋዝ የተሞላ ከሆነ ደግሞ በክረምት ከውስጥ አይደበዝዝም፤ ሻጋታም አይበላውም።

የተቃዋሚዎቻችን አንድ አሳብ ግን እውነት አለበት። ሃያ ተማሪ ገፈርሳ ሄዶ አንድ መነጽር ብቻ ቢኖር አሥራ ዘጠኙ ቆሞ ይጠብቃል። በተራው ጊዜ ወፏ በርራ ብትሄድ የትንሹ ተማሪ ልብ እንደሚያዝን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በስድስቱ ቢሆን ስድስት ልጆች በአንድ ጊዜ የደበዘዘ ጥላ አይተው፣ «ወፍ ማየት ማለት ይኸው ነው?» ብለው ከክበቡ ይቀራሉ። በደኅናው መነጽር አንድ ደቂቃ ያየ ልጅ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ተራ መጠበቅን ደግሞ በዳቦ ቤትም በታክሲም ተምረነዋል። ከተራ ውጭ ያሉት ይቍጠሩ፣ ይጻፉ፣ ይሳሉ፤ ሥራ አይጠፋም።

አንዳንድ ወላጆች ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን ይላሉ። የስልክ ካሜራ ከአቅሙ በላይ ሲጐላ የተነሣውን ሥዕል ይለጥጠዋል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርለትም፤ ሩቅ ያለው ዝይ ትልቅ ግን ቅርጽ የሌለው ነጠብጣብ ይሆናል።

ስለዚህ እኔ የምለው 8 በ42 ይገዛ ነው። ክብደቱ 700 ግራም ያህል ነው፤ የ9ኛ ክፍል ልጅ አንገት አያጐብጥም። የብርሃኑ ክብ ሰፊ ስለ ሆነ ያልለመደ ዓይን ቶሎ ያገኘዋል። ሌሊትም ክንድን ግንብ ላይ አስደግፎ ለሚያይ፣ ጋሊሌዮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1610 ያያቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ያሳያል፤ በእንጦጦ ተራራ ላይ ያሉትን ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች እስክናይ ድረስ ለእኛ ይህ ብዙ ነው። ወደ ፀሐይ ግን በምንም ምክንያት አይታይበትም፤ ዓይን ያጠፋል። የቀድሞው የሶቪየት ኅብረት ሥሪት የሆነ 8 በ30 ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ቢገኝም አልጠላም፤ ምስሉ ጥቂት ቢጫ ቢሆንም ጠንካራ ነው። ከላይ የጻፍኋቸውን ፈተናዎች ግን ይለፍ።

ዘመዴ ከውጭ አገር ያመጣልናል ያለውን ጓደኛችንን አመሰግናለሁ። ነገር ግን የሩቅ መነጽር እንደ ልብስና ጫማ ዝም ብሎ የሚያልፍ ዕቃ አይደለም። በአውሮፕላን ማረፊያ በጉምሩክ ተጠይቆበት ሊያዝ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንዲሁም በገፈርሳ የውኃ ጠባቂዎች መነጽር የያዘ ሰው አይተው ማነህ ቢሉ ሥራቸው ነውና፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሁልጊዜ ይዘን እንሂድ።

የቀረው የአጠባበቁ ነገር ነው። አንዳንዶች ዕቃው ውድ ከሆነ በቢሮ ሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ ይላሉ። በሣጥን የሚቀመጥ ከሆነስ ርካሹም ይበቃ ነበር። ወሳጅና መላሽ የሚፈርምበት ደብተር ይኑር፤ የያዘውም ሰው ማንገቻውን ሳያጠልቅ መነጽሩን አያንሣ። እኔ በዚህ ዓመት 12ኛ ክፍልን ፈጽሜ እሄዳለሁና መነጽሩን ብዙ አልጠቀምበትም። የሚጠቀሙበት ዛሬ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ያሉት ናቸው፤ ዕቃው ደኅና ከሆነና ከተጠበቀ ገና ያልተመዘገቡትም ይደርስባቸዋል። ዳክዬዎቹ መስከረም ላይ መምጣት ስለሚጀምሩ ኮሚቴው ክረምቱ ሳይወጣ ቢወስን መልካም ነው። ወደ መርካቶ የሚሄዱትም ማስመሪያና ነጭ ወረቀት ይዘው ይሂዱ።