ኮከቡ ሥር ፎቶ መነሣት

ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣች የጓደኛዬ ልጅ አንድ ቅዳሜ ከተማውን አብሬያት እንድዞር ጠየቀችኝ። የደርግን አዲስ አበባ ማየት ትፈልጋለች። ስልኳ ላይ የያዘችው ዝርዝር አጭር ነው፤ ትግላችን ሐውልት፣ መስቀል አደባባይ፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም። «ጋሼ፣ ግማሽ ቀን ይበቃናል» አለችኝ። እንደዚያ ለሚያይ ሰው ግማሽ ቀንም ይተርፈዋል። ጠቤ ከእሷ ጋር አይደለም፤ ሶሻሊዝም ማለት ትልቅ ድንጋይና ቀይ ኮከብ ነው ብሎ ካስተማራት የአስጎብኚ ወግ ጋር ነው። ያ ወግ ደግሞ የእኛም ነው።

ትግላችን ጋ ብዙ ቆየን። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ 50 ሜትር ያህል ወደ ላይ የተወጠረ ሐውልት ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ አለበት። በሶማሊያ ጦርነት የወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ በመሆኑ፣ የካራማራን ድል ለምናከብር ሁሉ አሁንም ትርጉም አለው፤ ይፍረስ የሚለውን ወገን አልደግፍም። የሚያናድደኝ፣ ጎብኚው አንገቱን ቀና አድርጎ ኮከቡን አንሥቶ መሄዱ ነው። ከግራና ከቀኝ ያሉት ቅርጻ ቅርጾች የንጉሡን ዘመን መከራና የአብዮቱን ድል ይተርካሉ። ይህ ትረካ የተመረቀው ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል፣ መስከረም 1977 ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲም (ኢሠፓ) የተመሠረተው በዚያው ሰሞን ነው። ከተማው በሰንደቅና በቅስት ሲያጌጥ ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ ነበር። ቀኑን ሳይነግሩ ሐውልቱን የሚያስጎበኙ ሰዎች የሚያሳዩት ሲሚንቶ ብቻ ነው።

«ግን ቅርጹ ሶሻሊስት ነው» አለች ልጅቱ። እንግዲያው ስድስት ኪሎ እንሂድ አልኳት። የየካቲት 12 ሐውልትን የቀረጹት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ከቲቶዋ ዩጎዝላቪያ የመጡ ናቸው፤ ያሠሩት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ቅርጽን ብቻ ተከትሎ ሥርዓትን ፍለጋ የወጣ ሰው ጃንሆይንም ኮሚኒስት ሊያደርጋቸው ነው።

ደርግ ከተማችንን የቀየረው በሐውልት ሳይሆን በአዋጅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄደ። ዝቅተኛው ኪራይ ደግሞ ተቀነሰ። በወር ጥቂት ብር እየከፈለ መሀል ከተማ ለመኖር የበቃ ድሃ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አዋጁን ዝም ብሎ አይረግምም፤ እኔም አልረግምም። ግን በጥቂት ብር ጣራ አይቀየርም። ተከራዩ የሰው ቤት ነው ብሎ አያድሰውም፤ ቀበሌው ገንዘብ የለኝም ይላል፤ በመሀል ጭቃው ይረግፋል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል። አንድ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ፣ አንድ ቆጣሪ ለስንት ጓዳ። በግቢው የመጣ እንግዳ ሳይታወቅ የማይገባበት፣ እድሩም ማኅበሩም ለቅሶውም የሚሰማበት ኑሮ የተደራጀው በዚህ ቤት ዙሪያ ነው። የደርግ ትልቁ ሕንፃ ይህ ነው። አርክቴክት የለውም፤ ስለዚህ ማንም አያስጎበኘውም። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ይኸው ቤት በብዛት አብሮ ሄደ፤ አንዱን እንኳ ለማስታወሻ እናስቀር ያለ ድምፅ ግን ጎልቶ አልሰማሁም። ቤቱ ለኑሮ አይመችም ማለት ሌላ፣ ታሪክ የለውም ማለት ሌላ።

እስር ቤቱም እንዲሁ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት የተረሸኑት ከርቸሌ ነው። ዓለም በቃኝ የሚባለው ክፍሉ ፈርሶ፣ ቦታው ላይ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆመ። ቦታው በመስታወት ተሸፍኗል፤ ጎብኚው ግን ቁመቱን ያደንቃል።

የሌኒን ሐውልት እንኳ ከዝርዝሩ የለም፤ ግንቦት 1983 ተገንድሷልና። ቆሞ ሳለ ሐውልቱ ፊቱን ወደ ቦሌ አዙሮ የሚራመድ ስለሚመስል፣ አዲስ አበቤ ለመሄጃው ኤርፖርት መርጧል እያለ ይቀልድ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር የወጡት ሐውልቱ ከመውደቁ በሁለት ቀን ቀድመው ነው። ያን ቀልድ የሚነግር አስጎብኚ ብዙ ሐውልት ከሚያሳይ ይሻላል።

ከሰዓት በኋላ ጉለሌ ይዣት ሄድኩ። አንድ የቀበሌ ቤት በራፍ ላይ ቡና የሚቆሉ እናት አገኘንና ልጅቱ በትሕትና ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ቤትዎን ፎቶ ላንሣ?» አለቻቸው። ማንከሽከሻውን ሳያቆሙ ቀና ብለው አዩዋት።

«እኔን አንሺኝ ልጄ። ቤቱን ግን ቀበሌን ጠይቂ፤ የእኔ አይደለም።»