የጥበቃው ሂሳብ በማን ነው?

ቤተሰብ፣ ወደ ዛሬው ዋጋ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላንሳ። በቅርቡ ከደልጊ በጀልባ ቁንዝላ የሚወርድ ሽምብራ አገናኝቼ ነበር። መኪና ከዳንግላ ልከን ጠበቅን፤ ጀልባው «ዛሬ ይነሳል፣ ነገ ይነሳል» ሲባል አራት ቀን አለፈ። ሾፌሩ የቆመበትን ጠየቀ። ገዢው «ገበያው ወርዷል» ብሎ ከኩንታሉ ላይ ቀነሰ። ሁሉም ተደምሮ ገበሬው ላይ አረፈ። የኔ ኮሚሽን ግን አልተነካም፤ ያሳፈረኝም እሱ ነው። ውሉ በስልክ ስለነበር መከራከሪያ አልነበረንም።

ጣና ቀን እንደሚበላ አዲስ ነገር አይደለም። ከባህር ዳር ጎርጎራ የሚሄደው የመንገደኛ ጀልባ እንኳ ቁንዝላ አድሮ ነበር የሚደርሰው። የታወቀ መዘግየት ደግሞ አስቀድሞ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዋጋው እህሉ በተመዘነበት ቀን ይዘጋ። መኪና የቆመበትን ማን እንደሚከፍል ሳይጫን ይጻፍ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ያልተጻፈበትን ጭነት አላገናኝም። ዩኒየኖች፣ ላኪዎች፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?