ሰሌዳዎቹ ከቁም ሣጥን ይውጡልን



እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ይህችን ማስታወሻ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ በምሠራበት ትምህርት ቤት ያየሁት ነገር በሌላም ስፍራ ሳይኖር አይቀርም በማለት ነው።

ጉዳዩ አርዱዊኖ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ይመለከታል። ሰሌዳው ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ሲሆን፣ ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒዩተር ተቀምጦበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 በኢጣልያ አገር በኢቭሪያ ከተማ እነማሲሞ ባንዚ ሲሠሩት፣ ያሰቡት ለመሐንዲስ ሳይሆን የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ለሌላቸው ተማሪዎች ነበር። እንግዲህ ከመነሻው ለተማሪ እጅ የተሠራ ዕቃ ነው።

በእኛ ዘንድ ግን ስድስቱ ሰሌዳዎች ከነካርቶናቸው ተቆልፎባቸው ይኖራሉ። አንዱ ቢቃጠል ከአስተማሪው ደመወዝ ይቆረጣል ስለሚባል ቁልፉን የሚጠይቅ የለም። ተማሪዎቹም ትእዛዙን ወደ ደብተራቸው ይገለብጡና በፈተና ቀን በቃላቸው ጽፈው ነጥባቸውን ይቀበላሉ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሳስተምር ስለነበርሁ ሌላውን ለመውቀስ አልደፍርም። የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የቃል ጥናት የሚወድ ነበርና የቃል ጥናትን አልንቅም። ነገር ግን መዝሙርን በቃሉ የያዘ ልጅ ይዘምረዋል፤ ይህንንስ በቃሉ ቢይዝ ምን ያደርገዋል?

ባለፈው ወር ፈርሜ አወጣኋቸውና ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ወሰድኋቸው። የመጀመሪያው ፕሮግራም፣ ከ13ኛው ፒን ጋር የተያያዘችውን የሰሌዳውን ትንሽ መብራት ማብራትና ማጥፋት ነው። ሴትአፕ በሚባለው ክፍል የተጻፈው ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጸማል፤ በሉፕ ውስጥ የተጻፈው ግን ኃይል እስኪቋረጥ ድረስ ከላይ ወደ ታች እየተመላለሰ ይፈጸማል። ዲሌይ ማለት «ጠብቅ» ማለት ነው፤ ቁጥሩም በሰከንድ ሺሕኛ ስለሚቆጠር 1000 ቢባል አንድ ሰከንድ ይሆናል።

ሦስት ልጆች «አብራ፤ 1000 ጠብቅ፤ አጥፋ» ብለው ጻፉ። መብራቷ በራች፤ ሳትጠፋም ቀረች። «ቲቸር፣ ሰሌዳው ተበላሽቷል» አሉኝ። ስሕተቱን ወዲያው አይቼው ነበር፤ ዝም ማለቱ ግን ከማስተማሩ ይልቅ ከበደኝ። ከዚያም አንዲቱ ልጅ ትእዛዙን ስታነብ ጓደኛዋ በመብራቷ ፈንታ እጁን ሊያነሣና ሊያወርድ ተስማሙ። «አብራ» አለችው፤ አነሣ። «አንድ ሰከንድ ጠብቅ»፤ ጠበቀ። «አጥፋ»፤ አወረደ። «ወደ ላይ ተመለስ፤ አብራ» ስትለው እጁን ገና ሳያሳርፍ ማንሣት ሆነበት። በዚህ ጊዜ ሦስተኛው ልጅ «እሷማ ጠፍታለች፤ እኛ ነን ያላየናት!» ብሎ ጮኸ።

እውነቱም ይኸው ነው። የኡኖ ሰሌዳ ሰዓት በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ስለሚመታ፣ መብራቷ ጠፍታ እንደገና እስክትበራ ያለው ጊዜ ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ እጅግ ያነሰ ነው፤ ዓይን አይደርስበትም። ከ«አጥፋ» በታች ሌላ «ጠብቅ» ቢጨምሩ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። በፈተና ወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ስሕተት በቀይ እስክርቢቶ ተሰርዞ ያልፍ ነበር፤ ምክንያቱንም የሚጠይቅ ባልተገኘ።

ሰሌዳ ይቃጠላል የሚለው ፍርሃት ከንቱ ነው አልልም። ኤልኢዲ መብራት ያለ ሬዚስተር ከፒን ጋር ቢያያዝ መብራቱም ፒኑም ሊጎዳ ይችላል፤ 220 ኦም ሬዚስተር መካከል ሲገባ ግን ጉዳቱ ይቀራል። ደግሞም ከላይ ለተናገርሁት ትምህርት የዩኤስቢ ገመድ ብቻ ይበቃል፤ አንድም ሽቦ አይሰካም። «ጠብቅ»ን የረሳ ፕሮግራምም ሰሌዳ አያቃጥልም፤ ታርሞ እንደገና ይጫናል።

ስለዚህ በማስተማር ላይ ሳለ የተበላሸ ሰሌዳ እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤ እንዲሰረዝ፣ ከፈተናውም ነጥብ ከፊሉ በሰሌዳው ላይ ሠርቶ ላሳየ እንዲሰጥ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች በትሕትና እጠይቃለሁ። ሰሌዳ ቋሚ ንብረት ነው የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ቋሚነቱ በቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ እኔም አልክድም።

ስድስቱንም በዚያው ቀን ቆጥሬ አስረክቤአለሁ፤ ሁሉም ደኅና ናቸው። ሦስቱ ልጆች መብራቷ ሁለት ጊዜ ፈጥና፣ አንድ ጊዜ ዘግይታ እንድትበራ የሚያደርግ ፕሮግራም በደብተራቸው ጽፈው ቁልፉን ይጠብቃሉ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ