ካርዱ ይቆይ፣ ልጁ ይታይ

ምንጃር ሲባል ለአዲስ አበባ ልጅ ቶሎ ትዝ የሚለው ሁለት ነገር ነው፤ ጤፉና ጭፈራው። ጤፉን ከእንጀራው፣ ጭፈራውን ከሠርጉ እናውቀዋለን። የወረዳዋን ዋና ከተማ አረርቲን ግን ስንቶቻችን እናውቃታለን? የሽምብራ ገበሬ ያውቃታል፤ በስሟ የተጠራ የሽምብራ ዝርያ አለ። እኔ ግን ዛሬ ስለ ጤፍም ስለ ሽምብራም አላወራም። የማወራው በጠና ስለታመመ ሕፃንና ያንን ሕፃን ከሁሉ ቀድማ ስለምታየው ነርስ ነው።

ለምን አረርቲ? ምክንያቱም እኛ ከተሜዎች በጠና ስለታመመ ልጅ ስናወራ ዓይናችን የሚሄደው ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ወደ ሞኒተሩና ወደ ስፔሻሊስቱ ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕፃን ግን ሲታመም መጀመሪያ የሚደርሰው ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ ሲብስ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። አንዱ እንዲህ ዓይነት ሆስፒታል በአገራችን የጤና ሥርዓት ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ የታሰበ ነው። አረርቲ ያላትም ይኸው ነው። ከሩቅ ቀበሌ ልጇን አዝላ፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በባጃጅ የመጣች እናት እንዲህ ያለ በር ላይ ስትቆም፣ የልጇ ዕድል የተንጠለጠለው በማሽን ላይ አይደለም። ቀድማ ባየችው ነርስ ዓይን ላይ ነው።

ክርክሬ አጭር ነው። በጠና የታመመ ሕፃን መጀመሪያ መታየት አለበት፤ ካርድ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነርሷም በትክክል እንድታይ ጊዜ፣ ሰዓትና ሥልጣን ሊሰጣት ይገባል። ይህን ማድረግ ሕንፃ ከመገንባት በብዙ ይረክሳል። ምናልባት የማይደረገውም ለዚሁ ይሆናል፤ ሪባን አይቆረጥለትማ!

ወረፋ የማያውቀው ልጅ

«ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል» ለታክሲና ለዳቦ ቤት ጥሩ ሕግ ነው። ለሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ግን መጥፎ ሕግ ነው። እስቲ አስቡት፤ መጠበቂያው ውስጥ የሚጮኸው፣ የሚንፈራገጠው፣ እናቱን የሚያሳፍራት ልጅ አለ። ጥግ ላይ ደግሞ ዝም ብሎ እናቱ ትከሻ ላይ የተጋደመ አለ። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» እንላለን። የሚጮኸው ልጅ ቢያንስ አየር አለው፣ ጉልበት አለው። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። ለመጮህ አቅም ያጣው እሱ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው የድንገተኛ ሕፃናት ልየታ ማሠልጠኛ ይህንን በግልጽ አስቀምጦታል፤ ልየታው የሚደረገው ልጁ በደረሰበት ቅጽበት፣ ከምዝገባ በፊት ነው። ልጆቹ በሦስት ይከፈላሉ። አሁኑኑ ካልታገዘ የሚሞት፣ ቅድሚያ የሚሰጠውና ወረፋ መጠበቅ የሚችል። የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። ማሠልጠኛው ልየታን ለሐኪምና ለነርስ ብቻ አልተወውም። የበር ዘበኛው፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛው፣ የፅዳት ሠራተኛዋ ሳይቀሩ አስጊ ምልክቶችን እንዲያውቁ ይመክራል። ልክ ነው እኮ! እናቲቱን ቀድሞ የሚያገኛት ማን ሆነና? ዘበኛው ነው።

ይህ የሀብታም አገር ሐሳብ አይደለም። ካደገባቸው ቦታዎች አንዱ የማላዊዋ ብላንታየር ናት። እዚያ ባለው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል የሕፃናት ድንገተኛ ክፍሉ አሠራር ተለውጦ ልየታ ሲጀመር፣ ተኝተው ከሚታከሙ ሕፃናት የሚሞቱት ከ10 እስከ 18 በመቶ ከነበረበት ወደ 6 እስከ 8 በመቶ መውረዱ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ተዘግቧል። ማላዊ ከእኛ አትበልጥም። ያደረገችው ግን በልጠዋል።

ነርሷ ምን ታያለች?

ብዙ ሰው «ታየ» ሲባል ግንባር ተዳሶ ሙቀት ተለክቶ ይመስለዋል። በጠና የታመመን ልጅ ማየት ግን ቅደም ተከተል ያለው ሥራ ነው፤ አየር፣ ደም ዝውውር፣ ንቃት፣ የፈሳሽ እጥረት።

መጀመሪያ ልብሱ ይገለጣል። ጋቢ ላይ ሆኖ ትንፋሽ አይቆጠርም። ከዚያ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ሁለት ወር ላልሞላው በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ደረቱ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? አፍንጫው ይርገበገባል? ያቃስታል? የምላሱና የድዱ ቀለምስ? በእኛ ቆዳ ላይ የኦክስጅን እጥረት ጥፍርና ከንፈር ላይ ብቻ ተፈልጎ አይገኝም፤ አፍ ተከፍቶ መታየት አለበት።

ቀጥሎ እጁ ይዳሰሳል። ቀዝቅዟል? ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ የልብ ምቱም ደካማና ፈጣን ከሆነ ጉዳዩ ከባድ ነው። ንቃቱ ደግሞ በአራት ደረጃ ይለያል፤ ነቅቷል፣ ለድምፅ ይመልሳል፣ ለሕመም ብቻ ይመልሳል፣ ለምንም አይመልስም። ተቅማጥ ካለው ዓይኑ ጎድጉዷል? የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ይቆያል? ርግብግቢቱስ ገብቷል? መዳፉ ነጥቷል? ሁለቱም እግሮቹ አብጠዋል?

ልብ በሉ! ከዚህ ሁሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ አንድም የለም። የሚፈልገው ሰከንድ የምትቆጥር ሰዓት፣ የሠለጠነ እጅና ማንም የማያቋርጣት ነርስ ነው። ሦስተኛው ነው የሚጠፋው። አንድ ደቂቃ አጭር ይመስላል፤ ሃያ እናቶች ቆመው ሲጠብቁ ግን በጣም ረጅም ነው። ያን ጊዜ መቁጠር ይቀርና መገመት ይመጣል። ግምት መዝገብ ላይ ሲጻፍ ደግሞ ቁጥር ይመስላል።

ማሽን አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ በየሕፃናት ክፍሉ ልትኖር ይገባል። ግን እሷም ታሳስታለች። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት መለኪያው በጥቁር ሕሙማን ላይ የኦክስጅን እጥረትን ሳያይ የሚያልፍበት አጋጣሚ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና፣ ልጁ ግን የሚያቃስት ከሆነ የሚታመነው ልጁ ነው።

አንዴ ማየት አይበቃም

የሕፃን ሰውነት ያታልላል። ደም ወይም ፈሳሽ ሲያጥረው ልቡን እያፈጠነ፣ የእጅና የእግር የደም ሥሮቹን እያጠበበ ለረጅም ጊዜ ይቋቋማል። የደም ግፊቱ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲወርድ ደግሞ በድንገት ነው። «ግፊቱ ጥሩ ነው» ተብሎ የተተወ ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ልጅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ደጋግሞ ማየትና መጻፍ የሚያስፈልገው። አንድ ቁጥር ፎቶ ነው፤ አራት ቁጥር ግን ልጁ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይናገራል።

ሕክምናውም ቢሆን መልሶ መታየት አለበት። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ትልቅ ጥናት ሐኪሞችን አስደንግጧል። ትኩሳትና የደም ዝውውር ችግር ለነበረባቸው ልጆች በደም ሥር በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ መስጠት ያድናል ተብሎ ሲታመን፣ በሁለት ቀን ውስጥ የሞቱት ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ ሆነው ተገኙ። ትምህርቱ ምንድን ነው? «ግሉኮስ ይሰቀልለት» እያልን ነርሷን ማስጨነቅ ልጁን መርዳት ላይሆን ይችላል። ከሰቀለችም በኋላ ቆማ ማየት አለባት።

እዚህ ላይ አንድ ሙግት ይነሣል፤ ጥሩ ሙግትም ነው። «ነርሷ ብታይስ ምን ታደርጋለች?» የሚል። በነጥብ የሚሠራ የሕፃናት ማስጠንቀቂያ ሰንጠረዥ ከእንግሊዟ ብራይተን እ.ኤ.አ. በ2005 ከተዋወቀ ወዲህ በብዙ አገር ተሰራጭቷል። ነገር ግን በ7 አገሮች በ21 ሆስፒታሎች ተፈትሾ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ሲታወቅ የሞት ቁጥርን አልቀነሰም። እንግዲህ ሰንጠረዥ ታቦት አይደለም። ነርሷ ነጥቡን ደምራ «ይህ ልጅ እየባሰበት ነው» ብላ ስትጠራ የሚመጣ ሰው ከሌለ ወረቀቱ ወረቀት ነው። ከቢሮ የታዘዘ ቅጽ መሙላትና ልጅ ማየት ይለያያሉ።

ቢሆንም «ምን ታደርጋለች» ለሚለው መልስ አለ። አየር መንገዱን ታስተካክላለች፣ ኦክስጅን ካለ ትሰጣለች፣ የሚንቀጠቀጠውን ልጅ ስኳር ትለካለች፣ ታሞቀዋለች፣ ለተቅማጡ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን ትጀምራለች፣ ሪፈር ከመባሉ በፊት የመጀመሪያው መድኃኒት እንዲሰጠው ታደርጋለች። ከአረርቲ ወደ አዳማም ሆነ ወደ አዲስ አበባ መንገዱ ለሚያቃስት ልጅ ረጅም ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ «ሪፈር» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀርበት ቀን ታይቷል። መንገዱ በራቀ ቁጥር የመጀመሪያዋ ነርስ ዓይን ዋጋው ይጨምራል።

«እስካሁን የት ነበርሽ?»

በየጤና ተቋሙ የምንሰማት ጥያቄ ናት። ጥያቄ ትመስላለች እንጂ ቁጣ ናት። የምንጃሯ እናት ምናልባት ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ወስዳው ይሆናል። ምናልባት ጎረቤት የጨመቀችውን ቅጠል አጠጥታው ይሆናል፤ ምናልባት የባጃጅ ብር ስትበደር ሁለት ቀን አልፎባት ይሆናል። ከተቆጣናት ትደብቃለች። የደበቀችው ነገር ደግሞ ነርሷ አጥብቃ የምትፈልገው መረጃ ሊሆን ይችላል። ልጁ ምን ጠጣ? መቼ ጀመረው? ሽንቱን መቼ ሸና? እናቱ ካልነገረች ማን ይነግራል?

እናት የራሷ መለኪያ አላት። «ልጄ ዛሬ ልክ አይደለም» ስትል መዝገብ ላይ የሚጻፍ ቁጥር የላትም፤ ግን የትናንቱን ልጅ ታውቀዋለች። ነርሷ አታውቀውም። በአውስትራሊያ ሜልቦርን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት፣ ልጃቸው እየባሰበት እንደሆነ የተጨነቁ ወላጆች ልጆች ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት ዕድላቸው ከፍተኛ እንደሆነ አሳይቷል። እንግሊዞች ደግሞ ይህንን በሐዘን ተምረውታል። የ13 ዓመቷ ማርታ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ2021 ለንደን ውስጥ ሞተች፤ ወላጆቿ እየባሰባት ነው ብለው የተናገሩት ሰሚ አላገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በስሟ የተሰየመው ደንብ ቤተሰብ ሌላ የሕክምና ቡድን እንዲያይለት በቀጥታ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ለንደን ላይ የተማረ ቤተሰብ ካልተሰማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የቆመች እናት ምን ያህል ትሰማለች?

ስለ ሲስተሮቻችን

የሕፃናት ነርስነት በአገራችን ታሪክ የተናቀ ሥራ አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተማረችው የሕፃናት ነርስነትን ነው፤ ለንደን ባለው ታላቁ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቀች። እ.ኤ.አ. በ1942 በ22 ዓመቷ ለቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር አረፈች። የንጉሥ ልጅ የሕፃን ትንፋሽ ለመቁጠር አላፈረችም። ዛሬ ግን «ነርስ ናት» ስንል «ሐኪም አይደለችም» ማለታችን ነው።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው በየቦታው ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል። በጥያቄው አቀራረብ የተለያየ አስተያየት ሊኖረን ይችላል። ግን አንዲት ነርስ የቤት ኪራይ እያሰላች የልጅ ትንፋሽ በትክክል እንድትቆጥር መጠበቅ የዋህነት ነው።

አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአንድ ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ቁጥሩ 59 ደርሷል። ክትባቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ፣ የእናቶች ትምህርቱ ብዙ አድርገዋል። የቀሩትን ለማትረፍ ግን ዘመቻ ብቻውን አይበቃም፤ በሩ ላይ የደረሰውን ልጅ በጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሦስት ናት። አንደኛ፣ በየትኛውም ሆስፒታል በር ላይ ሕፃን ከካርድ በፊት ይታይ፤ ዘበኛውም ይሠልጥን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የሕፃናት ክፍል ሰከንድ የምትቆጥር ሰዓትና በየጊዜው የሚሞላ መከታተያ ይኑረው፤ ነርሷ ስትጠራም የሚመጣ ሰው በስም ይታወቅ። ሦስተኛ፣ እናቲቱ «እየባሰበት ይመስልሻል?» ተብላ ትጠየቅ፤ መልሷም ይጻፍ።

ለእኛ ለወጣት ከተሜዎች ደግሞ አንድ ትንሽ የቤት ሥራ አለችን። ሆስፒታል ወረፋ ላይ ቆመን ሳለ ዝም ያለ ሕፃን የታቀፈች እናት ካየን «እሷ ትቅደም» እንበል። ከኋላችን የሚያጉረመርም ሰው ካለም ይኸው ምክንያቱን እናውቃለን፤ እናስረዳው።

ቸር ይግጠመን።