ፋብሪካው ሲሸጥ ከተማዋ ምን ታገኛለች?

በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ሐረር ቢራ ፋብሪካንና በደሌ ቢራ ፋብሪካን በጨረታ ለኔዘርላንዱ ሄኒከን ኩባንያ ማስተላለፉ ይታወሳል። ሁለቱ ፋብሪካዎች የተሸጡት በድምሩ በ163 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 85 ሚሊዮን ያህሉ የበደሌ፣ 78 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ የሐረር ዋጋ ነው። በወቅቱ የነበረው ውይይት በአብዛኛው ያተኮረው በዚሁ ገንዘብ ላይ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ለፈረንሳዩ ካስትል ኩባንያ ሲተላለፍ የተከፈለው 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደነበር ሲታሰብ ዋጋው ከፍተኛ መባሉ አያስገርምም። ፋብሪካዎቹ የሚገኙባቸው ከተሞች ከዝውውሩ ያገኙትና ያጡት ግን በዚያው መጠን አልተመረመረም።

ጥያቄው በመካከለኛ ከተሞች ዘንድ የተለየ ክብደት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ባለቤት ቢቀይር ከብዙዎች አንዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ለተቆጠረባት ሐረር ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በደርግ ዘመን በቼኮዝሎቫኪያ ቴክኖሎጂ የተተከለው ቢራ ፋብሪካ በከተማዋ ቋሚ ደመወዝ ከሚከፍሉ ጥቂት ትላልቅ ተቋማት አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ከምርቶቹ አንዱ የሆነው ሐኪም ስታውት በከተማዋ አቅራቢያ የሚገኘውን የሐኪም ተራራ ስም የያዘ ነው። በደሌን በተመለከተ ደግሞ ከተማዋን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ስሟን ያነበበው ከጠርሙስ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሽያጩ ገንዘብ የት ገባ የሚለው ከጥያቄዎቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። ፋብሪካዎቹ የፌዴራል መንግሥት የልማት ድርጅቶች ስለነበሩ ገቢውም የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ይህ ሕጋዊ በመሆኑ ሊያከራክር አይገባም። ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ከሽያጩ በኋላ በየዓመቱ የሚመጣው ገቢ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ ነጥብ አለ።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 96፣ በፌዴራል መንግሥት ባለቤትነት ሥር ባሉ ድርጅቶች ላይ የሚጣለውን የትርፍ፣ የሽያጭና የኤክሳይስ ግብር ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። ድርጅቱ ወደ ግል ይዞታ ሲዛወር ከዚህ መደብ ይወጣል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ከደመወዛቸው የሚከፍሉት ግብር በአንቀጽ 97 መሠረት የክልሉ ገቢ ነው። የኩባንያዎች የትርፍ ግብር ደግሞ በአንቀጽ 98 መሠረት የፌዴራል መንግሥቱና የክልሎች የጋራ ገቢ ሲሆን፣ የክፍፍሉን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በሌላ አነጋገር የባለቤትነት ዝውውሩ ክልሉ ቀድሞ ባልነበረው የገቢ ምንጭ ላይ ድርሻ እንዲኖረው ያደርጋል። ሽያጩ አካባቢውን ከመጉዳት በቀር ፋይዳ የለውም ለሚሉ ወገኖች የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው።

መልሱ ግን ለሁሉም ከተሞች እኩል አይሠራም። ሐረር የሐረሪ ክልል ዋና ከተማ ብቻ ሳትሆን አብዛኛው የክልሉ ሕዝብ የሚኖርባትም ናት። ለክልሉ የገባ ብር በብዙ መልኩ ለከተማዋ እንደገባ ይቆጠራል። በደሌ ያለችው በአገሪቱ ሰፊ ከሆኑት ክልሎች በአንዱ በኦሮሚያ ሲሆን፣ ከፋብሪካው ሠራተኞች ደመወዝ የሚቆረጠው ግብር መጀመሪያ ወደ ክልሉ ቋት ገብቶ ከሌሎች ዞኖችና ወረዳዎች ገቢ ጋር ተደምሮ በበጀት ቀመር ይመለሳል። ፋብሪካው ምርቱን በእጥፍ ቢያሳድግም የከተማው አስተዳደር በጀት በዚያው መጠን የሚያድግበት ቀጥተኛ መንገድ የለም። ለከተማው በቀጥታ የሚቀረው ከመሬትና ከማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት የሚሰበሰበው ገቢ እንዲሁም ደመወዝተኛው በገበያው ላይ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። በአንድ ቀን በአንድ ገዢ የተገዙት ሁለት ፋብሪካዎች ለሁለቱ ከተሞች ያላቸው ትርጉም የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከግብሩ ባሻገር ያለው ለውጥ በሰነድ ላይ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የመንግሥት ልማት ድርጅት በነበረበት ዘመን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከከንቲባው ጋር በአንድ ከተማ የሚኖር፣ በአንድ ስብሰባ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ሥልጣኑ ውስን ቢሆንም የሠራተኛ ልብስ የሚሰፋውን ማኅበር፣ ደረሰኝ የሚያትመውን ማተሚያ ቤት፣ ጠረጴዛ የሚሠራውን አናጺ የሚመርጠው ከአካባቢው ነው። ፋብሪካዎች በአንድ ኩባንያ ሥር ሲጠቃለሉ ግዥም አብሮ ይጠቃለላል። ለሁሉም ፋብሪካዎች በአንድ ጊዜ የሚወጣ ጨረታ ዋጋን እንደሚቀንስ ግልጽ ነው፤ ኩባንያው ይህን በማድረጉ ሊወቀስ አይችልም። ሆኖም በጨረታው የተጠየቀውን ብዛት ማቅረብ የማይችለው የከተማው ነጋዴ ከመጀመሪያው ከውድድሩ ውጪ ይሆናል።

የጥሬ ዕቃ አቅርቦትም ተመሳሳይ ሁኔታ ያሳያል። ሄኒከን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከአጋሮቹ ጋር በመሆን የቢራ ገብስ አምራች ገበሬዎችን የሚደግፍ ፕሮጀክት ተግባራዊ ያደረገ ሲሆን፣ የፕሮጀክቱ ማዕከላት ለገብስ ተስማሚ የሆኑት የአርሲና የባሌ ደጋማ አካባቢዎች ናቸው። ከውጭ የሚገባውን ብቅል ለመተካት የተደረገው ጥረት ለአገሪቱ የሚበጅ ነው። ጫትና ማሽላ የሚመረትበት የሐረር ዙሪያ ግን ከዚህ የእርሻ ትስስር እምብዛም ተጠቃሚ አይደለም።

የሠራተኞችን መብት በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። በዝውውሩ ወቅት ሥራ ላይ የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ድርጅቶች ቢዋሐዱ፣ ቢከፋፈሉ ወይም ባለቤትነታቸው ቢተላለፍ በዚህ ምክንያት የሥራ ውል እንደማይቋረጥ ደንግገዋል። በብዙ ሠራተኞች ዘንድ ሽያጭ ማለት ስንብት ነው ተብሎ የሚፈራው ፍርሃት ስለዚህ የሕግ መሠረት የለውም። በሌላ በኩል በሕጉ የሠራተኛ ቅነሳ ተብሎ የሚታወቀው ቢያንስ ከመቶ አሥር የሚሆነውን ሠራተኛ የሚመለከት እርምጃ ነው። ከዚህ መጠን በታች ሆኖ ቀስ በቀስ የሚመጣው ለውጥ በወንፊቱ ያልፋል። ጡረታ የወጣው ሠራተኛ ቦታ ሳይተካ መቅረቱ፣ ጥበቃና ጽዳት ለኤጀንሲ መሰጠቱ፣ የሂሳብና የግዥ ክፍሎች ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መጠቃለላቸው በተዋሐዱ ድርጅቶች ዘንድ በየትም አገር የተለመደ ነው። አንድም ሰው ሳይባረር ከዓመታት በኋላ የከተማዋ የሥራ ዕድል ያንሳል፤ ለሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚደርስ አቤቱታ ግን አይኖርም።

በሐረር ጉዳይ ውኃም መነሳት አለበት። ለረጅም ዘመን የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ምንጭ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከደረቀ በኋላ ሐረር ከባድ ችግር ውስጥ መውደቋና በኋላም ከድሬዳዋ አካባቢ በሚሳብ የከርሰ ምድር ውኃ ለመጠቀም መገደዷ ይታወቃል። ቢራ ከምንም በፊት ውኃ ነው። የአካባቢው ውኃና የአካባቢው መንገድ የምርቱ ግብዓት ሆነው ሳለ የምርት ዕቅዱ በሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም በሌላ አገር የሚጸድቅ ከሆነ፣ የከተማው ውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ዕቅዱን ቀድሞ የሚያውቅበት አሠራር ያስፈልገዋል።

የከተማዋን ስም ይዞ በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት የነበረውን ሐረር ቢራ የእግር ኳስ ክለብም የሚያስታውሱት ጥቂቶች አይደሉም። ክለቡ በኋላ ሐረር ሲቲ በሚል ስም ታውቋል። የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን በእጅጉ ያጠበበው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ቢራ ፋብሪካዎች ለስፖርትና ለበዓላት በሚሰጡት ድጋፍ ላይ መተማመን ለየትኛውም ከተማ አስተማማኝ አይደለም።

ትልቁ የክብደት ሽግግር የመጣው ግን ከሽያጩ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሄኒከን በአዲስ አበባ ቂሊንጦ ያስገነባው አዲስ ፋብሪካ በ2007 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዋናው ገበያ ደጃፍ ላይ ዘመናዊ ማሽን የተከለ ኩባንያ ቀጣዩን የማስፋፊያ ገንዘብ የት እንደሚያፈስ ሲወስን፣ ሐረርና በደሌ ከራሱ ከኩባንያው ሌላ ፋብሪካ ጋር ይወዳደራሉ። ከዝውውሩ በፊት ከተወዳዳሪዎቻቸው አንዳንዶቹ በሌላ ባለቤት እጅ ነበሩ። ለከተማ አስተዳደሮች ከሁሉም በላይ ማሰብ የሚገባው ለውጥ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው ዝውውር ቢያንስ አንድ መልካም ነገር አለው፤ ሻጩ መንግሥት ነው። መንግሥት በጨረታ ሰነዱ ላይ የኢንቨስትመንትና የሥራ ዕድል ግዴታ ማስገባት፣ አፈጻጸሙንም መከታተል ይችላል። ሁለተኛው ዝውውር ሲመጣ ይህ ዕድል የለም። ለአብነት ያህል የሰበታውን ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ መመልከት ይቻላል። ፋብሪካው በ2004 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. ዲያጆ ለካስትል ኩባንያ አስተላለፈው። በዚህኛው ሽያጭ ሻጩም ገዢውም የውጭ ኩባንያዎች ናቸው። የሰበታ ከተማ አስተዳደር የሚቀመጥበት ወንበር በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ግዥ የሚመረምረው ሕግ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። አዋጁ ውህደት ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቁ ነጋዴዎችን ያስገድዳል፤ በንግድ ውድድር ላይ ጉልህ ጉዳት የሚያስከትል ውህደትንም ይከለክላል። አዋጁን ሲያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን ተግባር በ2014 ዓ.ም. ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። መለኪያው ውድድር ነው፤ የቢራ ዋጋና የገበያ ድርሻ ይጠየቃል። ገዢው ቀድሞ በኮምቦልቻ፣ በሐዋሳና በሌሎች ከተሞች ፋብሪካ ያለው መሆኑ ለአንዲቱ ከተማ ሠራተኞችና አቅራቢዎች ምን ያመጣል የሚለው ግን በምርመራው ቅጽ ላይ የተቀመጠለት ቦታ የለም። ሕጉን ለማሻሻል ከታሰበ፣ ፋብሪካው ያለበት ክልል ወይም ከተማ አስተያየቱን በጽሑፍ የሚያቀርብበትን የተወሰነ ጊዜ ማካተት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጅምር ይሆናል።

ባለቤትነት በአካባቢው ሰው እጅ ቢሆን ችግሩ ይፈታል የሚል አስተሳሰብም አለ። የማይጨው ራያ ቢራ በሺዎች በሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ተቋቁሞ በኋላ ቢጂአይ ጠቅልሎ የያዘው ሲሆን፣ ከውህደቱ የመጣውን ለውጥ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ካስከተለው ጉዳት ለይቶ መገመት ያስቸግራል። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የተሻለ ማነጻጸሪያ ነው። ፋብሪካውን የገዛው የውጭ ኩባንያ ሳይሆን የኦሮሚያ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ፌዴሬሽን በመሆኑ፣ ገብሱን የሚያመርቱት ገበሬዎች በባለቤትነቱ ድርሻ አግኝተዋል። ትርፉ ለአካባቢው መቅረቡ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በ2013 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን ግዙፍ የብቅል ፋብሪካዎች ሥራ ሲጀምሩ፣ አሰላ ለዓመታት የነበራትን ብቸኝነት የሚመስል ቦታ ማጣቷ አልቀረም። የቅርብ ባለቤት ገበያን አያረጋግጥም፤ ውሳኔው በከተማው እንዲሰጥ ግን ያደርጋል።

ከተሞች በእጃቸው ያለው መሣሪያ ጥቂት ቢሆንም የለም ማለት አይቻልም። የማስፋፊያ መሬት፣ የውኃ መስመር፣ የመዳረሻ መንገድና የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚቀርበው ከአካባቢው ነው። አዲሱ ባለቤት እነዚህን የሚጠይቀው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ከአካባቢው ስለሚገዛው ዕቃና ስለሚቀጥረው ሰው መነጋገር የሚቻለውም ያኔ ነው። ለዚህ የንግድ ጽሕፈት ቤቱ የሽያጩን ስምምነት ግዴታዎች ማወቅ ይኖርበታል። ስምምነቱ በፌዴራል መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ግዴታው መፈጸሙን በየቀኑ በዓይኑ የሚያየው አካል ሰነዱን ያላነበበው አካል ይሆናል።

ጉዳዩ በቢራ የሚያበቃ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ያሳደገ ሲሆን፣ ነባር ባንኮች ይህን እንዲያሟሉ የተሰጠው ጊዜ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ነው። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደግሞ ዘርፉን ለውጭ ባንኮች ከፍቷል። ሁለቱም እርምጃዎች አነስተኛ ባንኮችን ወደ ውህደት የሚገፉ ናቸው። በደሴም ሆነ በጅማ ዋና ጎዳና ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ቅርንጫፎች በአንድ ባንክ ሥር ሲሆኑ አንዱ መዘጋቱ የሚጠበቅ ነው። ከተዘጋው ቅርንጫፍ ጋር የሕንፃው ኪራይ፣ የጥበቃና የገንዘብ ከፋይ ሠራተኞች ደመወዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአካባቢውን ነጋዴ በስም የሚያውቀውና በተወሰነ መጠን ብድር የሚፈቅደው ሥራ አስኪያጅ ይሄዳሉ። የካፒታሉን መሟላት ብሔራዊ ባንኩ ይቆጣጠራል፤ የቅርንጫፎቹን ጉዳይ አስቀድሞ ለመከታተል የተመደበ ጽሕፈት ቤት ግን በብዙዎቹ ከተሞች የለም።